ጦሳን «ብርድ ነው ወይ» ማለት ሀጢያት ነው እንዴ?

ባለፈው ወር እዚሁ አምድ ላይ ስለ ዘፈናችን አራቱ ቅኝቶች (የድምፅ አደራደሮች)፣ ትዝታ ባቲ አምባሰል አንቺ ሆዬ፣ ትንሽ ጫር አድርጌ ነበር፣ እና ጥያቄው ጎረፈ። ሁሉንም መመለስ አልችልም፣ አምስት መርጫለሁ። የገረመኝ ግን አብዛኛው ሰው ስለ ዘፋኝ ምናምን አይደለም ሚጠይቀው፣ ስለ ተራራ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ሳር ነው። እሺ፣ ቡናዬን ይዤ ፒያሳ ቁጭ ብያለሁ፣ እንጀምር።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። አያቴ ከደሴ እኛ ጋ መጥታ መኖር ከጀመረች ሁለት አመት ሆናት። ጠዋት ቡና ስትቆላ ሁሌም ማንጎራጎር ትወዳለች፣ አንዷን ግጥም በቃሌ ይዣታለሁ፦

ጦሳ ጉም ለበሰ በርዶት ነው መሰለኝ፣
እኔስ ምን ልልበሰው ልጅ ሄዶ ከጣለኝ።

ሚያስቀው እዚህ ከበራችን ሚታየው ተራራ የጎፍ ነው፣ እሷ ግን ሁሌ የደሴውን ተራራ ጦሳን ነው ምታነሳው። ችግሩ ምን መሰለዎ፣ ታላቅ ወንድሜ በቅርቡ ዲኑን አጥብቆ ይዟል፣ እሰየው ነው፣ ግን አንድ ቀን «ተራራን እንደ ሰው ማናገር ሽርክ ነው» ብሎ ተናገራት። ከዛ ቀን ጀምሮ ቡናውን ዝም ብላ ነው ምትቆላው። የእናቴ ወገኖች ደግሞ ክርስቲያን ናቸው፣ እነሱም «ባዕድ አምልኮ ይመስላል» አሉ። እውነት ነው ወይ? ቤቱ ጭር አለብኝ።

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ። ሲጀመር እኔ ሼህም ቄስም አይደለሁም፣ የሃይማኖት ብያኔ ከኔ እንዳትጠብቂ። ስለ ግጥሟ ግን ምለው አለኝ፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሺኝ።

እስቲ ግጥሟን ደግመሽ አንብቢያት። አያትሽ ጦሳን ምንም አልለመኑትም። «ልጄን መልስልኝ» አላሉትም፣ «ዝናብ አዝንብ» አላሉትም፣ ጉም መልበሱን አይተው በርዶት ይሆናል ብለው አዘኑለት፣ በቃ። እንዲያውም ልብ ብለሽ ካየሽው ተራራው ነው ታዛኙ፣ አዛኟ እሳቸው ናቸው። ሰው ለሚያመልከው ነገር ጋቢ አጣ ብሎ አያዝንም።

የኛ ሀገር እንጉርጉሮ ስሪቱ ራሱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ደጅ ይወጣል፣ ጉሙን ወንዙን ማዶውን ያያል፣ ሁለተኛው ተመልሶ ሆድ ውስጥ ይገባል። ደጅ ሳይወጣ ቀጥታ «ልጄ ናፈቀኝ» ማለት ለሰሚውም ለባለቤቱም ይከብዳል፣ ነውርም አለበት፣ በተለይ ለትልቅ ሰው። ስለዚህ ተራራው ይጠራና መሀል ላይ ይቆምልሻል፣ እንደ ሽማግሌ በይው። ህፃን ሆኜ አክስቴ ወፍጮ ላይ ሆና ስትፈጭ ከጀርባዋ ተኝቼ እሰማት ነበር፣ መጁን ስትገፋ አንድ ሀረግ፣ ስትስብ አንድ ሀረግ፣ ትንፋሿ ካለቀ ግጥሙም እዛው ይቆማል። ወንዙን ትጠራለች፣ ላሟን ትጠራለች፣ የሞተ ባሏን ግን በስሙ ጠርታው አታውቅም። ሁላችንም ስለማን እንደሆነ እናውቅ ነበር።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ልጁን አትቆጪው፣ ሚፈራው ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። በሀገራችን አድባር ሚባል ነገር ነበረ አለም፣ ትልቅ ዋርካ ስር ቡና ማፍላት፣ ግንዱን ቅቤ መቀባት፣ እዛ ላይ መስጊዱም ቤተክርስቲያኑም ሲገስፅ ኖሯል። ያ ሌላ ነው። ስእለት አለው፣ ፍራቻ አለው፣ «ካላደረግሁ ይቆጣኛል» አለው። ቡና እየቆሉ ማንጎራጎር ግን ማንን ፈርቶ ነው?

እና አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ እናንተ ቤት ሁለቱም ወገን ስላለ ደስ ይለኛል። ነቢዩ ዳውድን ሁለቱም ወገን ያውቁታል አይደል? ቁርአን ላይ ሱረቱል አንቢያ እና ሱረቱ ሰበእ ውስጥ አላህ ተራሮችንና ወፎችን ከዳውድ ጋር እንዲያወድሱ እንዳደረገ ተጽፏል። በዛኛው በኩል ደግሞ መዝሙረ ዳዊት 148ን አውጪ፣ ተራሮችና ኮረብቶች ሁሉ፣ ፍሬ ሚያፈሩ ዛፎች፣ አራዊቱ ሳይቀር «አመስግኑ» ተብለው ይጠራሉ። ሲጠሩ ደግሞ እንደ ሰው ነው ሚጠሩት። እንግዲህ ተራራ ከሰው ጋር አብሮ ማመስገን ከቻለ አብሮ ቢበርደው ምን አለበት? ይቺ የመበርደዋ ነገር የኔ ናት፣ ማስረጃ አርገሽ እንዳታቀርቢያት፣ ወንድምሽ ግን ሁለቱን ሱራዎች ከፍቶ ለሚያምነው ኡስታዝ ያሳየው።

በነገራችን ላይ፣ «ልጅ ሄዶ ከጣለኝ» ሚሉት ልጅ ማን እንደሆነ ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ? እኔ ብሆን ከተራራው በፊት እሱን ነበር ምጠይቀው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሽዬ፣ ደሴ ነኝ፣ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ባለፈው ሀይቅ ከተማ ሰርግ ላይ አምባሰል ያዝኩ፣ እየሄድኩ እየሄድኩ ሳላውቀው ትዝታ ሆነብኝ፣ አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ይሄ አምባሰል አይደለም፣ ዳገት የፈራ በቅሎ ነው» ብለው ህዝቡን አሳቁብኝ። ምን አጥፍቼ ነው? እና ደግሞ ቅኝቱ ድምፁን ከተራራው ነው የወሰደው ሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ ሽማግሌው ይባረኩ፣ በቅሎዋን ለራሴ ወስጃታለሁ።

ያጠፋኸው ቀላል ነው፣ ብዙ ሰው ይሄን ያጠፋል። ትዝታ ማይነርን ከዶ ተነስተህ ስትቆጥር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሚ)፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው አይደል? አሁን እነዚህኑ አምስት ድምፆች ሳትቀይር ከሶል ጀምር፦ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። አምባሰል ሆነ! ከዶ ሲነሳ ደግሞ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፣ ርቀቱን ብትለካው ያው ነው። ስለዚህ እጅህ ላይ ያሉት ቁልፎች አንድ ናቸው፣ ልዩነቱ የት ነው ምታርፈው ሚለው ነው። አንተ አምባሰል ጀምረህ ደከመህና የትዝታው ቤት ገብተህ ተቀመጥክ። ማረፊያህን ያዝ፣ ግራ እጅህ ቤዙን አይልቀቅ፣ ያቺን ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ምትለዋን ደግሞ አትሽሻት፣ እሷ ናት ሆድ ምታባባው።

ሌላው፣ ኪቦርድህ በሁለት ድምፅ መሀል ያለውን መንገድ አያውቅም፣ ከዚህ እዛ ይዘላል። ማሲንቆ ላይ ጣት ጭራውን ከጎን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም፣ ስለዚህ ድምፁ እየተንሸራተተ እየተንቀጠቀጠ ነው ሚደርሰው። ድምፅ ምታንሸራትተዋን ፒች ቤንድ በትንሹ ተጠቀምባት፣ በትንሹ አልኩህ፣ አንዳንዶቻችሁ እንደ አምቡላንስ ነው ምታስጮሁት።

ወደ ተራራው ስመጣ። አምባሰል ሄደህ ካየህ ቀጥ ያለ ገደል ነው፣ ስሙን ብዙ ሰው «አምባ» እና በአረብኛ ማር ማለት ከሆነው «አሰል» ነው ሚፈታው፣ የማር ተራራ። በመስቀል ቅርፁ ሚታወቀው ግሸን ደብረ ከርቤም እዛው አምባሰል ውስጥ ነው፣ መስከረም 21 ህዝቡ ያንን ዳገት እየዘመረ ይወጣል። ድምፁ ከተራራው ተቀዳ ሚለውን ግን እኔ አልልህም፣ ተራራ ኖታ አይሰጥም። ምልህ ይሄን ነው፦ ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ የቦታ ስም ይዘዋል፣ አምባሰል እና ባቲ፣ አንዱ ደጋ የወጣ አምባ፣ አንዱ ወደ አፋር ሚያወርድ የቆላ ከተማ፣ ሰኞ ገበያው ላይ አፋሩ ኦሮሞው አማራው ግመል እና ጨው እና እህል ይዞ ሚገናኝበት። ትዝታ የልብ ስም ነው፣ አንቺ ሆዬ ጥሪ ነው። ዘፈኑን የሰየሙት ሰዎች ሀገርን እና ናፍቆትን አንድ መደርደሪያ ላይ ነው ያስቀመጧቸው። አምባሰልን እኔ ተቀምጬ መስማት አልወድም፣ እየሄድኩ ነው፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥር ለምን እዛች ግማሽ ድምፅ ላይ እንደሚቆዩ ይገባኛል። ይሄ እውቀት አይደለም፣ ጉልበቴ ነው ሚነግረኝ።

ደግሞ ከማሪቱ ለገሰ አምባሰል አዘፋፈን ብዙ ትማራለህ፣ መጀመሪያ ግን ኪቦርዱን ሳትነካ አድምጥ፣ የት ትንፋሽ እንደምትወስድ ብቻ ቁጠር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ11 አመት ልጄ ዋሽንት ካልተማርኩ ብሎ አስቸገረኝ። ገበያ ላይ ከውሀ ቧንቧ ፕላስቲክ የተሰራ አየሁ፣ ርካሽ ነው አይሰበርም። ባለቤቴ ግን «ዋሽንት ከሸምበቆ ካልሆነ ነፍስ የለውም» ይላል። ማን ልስማ? ደሴ ሆጤ አካባቢ ነን።

መልስ፦ የቧንቧውን ግዢለት እህቴ። ልጅ ነው፣ ይጥለዋል፣ ይቀመጥበታል፣ ትንፋሹን ሚያስተካክለው በሱ ነው። ሲበረታ ሸምበቆው ይደርሳል።

ባልሽ ግን አልተሳሳተም፣ ሸምበቆ ሌላ ነገር አለው፣ ለምን እንደሆነ ከራሴ ልንገርሽ። እኔ ያደግሁት ሀይቅ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ዋሽንቴን የቆረጥኩት ከጓደኛዬ ጋር ውሀው ዳር ነው፣ እሱ ሙስሊም ነው እኔ ክርስቲያን፣ ማጭድ ሰርቀን ሄድን። አንዲት እናት እንስራ ይዘው ቆመው ያዩናል። «ሳታስፈቅዱ ነው ምትቆርጡ?» አሉን። ማንን እንደምናስፈቅድ ግራ ገባን፣ የማን ነው ስንላቸው ወደ ሀይቁ በአገጫቸው ጠቆሙ። እሱ ቢስሚላህ አለ፣ እኔ በስመአብ አልኩ፣ ቆረጥን። እሳቸው ሀይቁ ጌታ ነው ማለታቸው አልነበረም። ሀይቅ አካባቢ ሁሉም ሚያውቀው ተረት አለ፦ ድሮ እዛ ቦታ ላይ ሰው ይኖር ነበር፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ተበደለችና ፍርድ አጣች፣ ፈጣሪ ተቆጥቶ መሬቱን ሁሉ ውሀ አደረገው፣ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ፣ እሱም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ያቆሙበት ሀይቅ እስጢፋኖስ ያለበት ደሴት ሆነ፣ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል እንጂ። እንዲህ አይነት ታሪክ ሰምቶ ያደገ ሰው ውሀው ዳር ሄዶ ዝም ብሎ ማጭድ አያነሳም፣ አፉ ላይ ሚለው ነገር ይፈልጋል።

እና ያ ዋሽንት ምን ሆነ መሰለሽ፣ ተሰነጠቀ! እርጥቡን ነበር የቆረጥነው፣ በዛው ቀን ሚስማር እሳት ውስጥ አግለን አራቱን ቀዳዳ በሳን፣ ሁለት ቀን ፀሀይ ላይ ተውኩት፣ ጠዋት ሳየው ከላይ እስከ ታች። አለቀስኩ። ጓደኛዬ ትእግስተኛ ነው፣ የሱን ጭስ ካለበት ጣራ ስር ሰቅሎ ሳምንታት አደረቀው፣ ከዛ ነው የበሳው፣ ቀዳዳውን በገዛ ጣቱ ለክቶ። ለዛም ነው የሱን ዋሽንት እኔ ስነፋው ሚያጣርረው። ሸምበቆ ዋሽንት እንደ ጫማ ነው፣ በባለቤቱ ልክ ነው ሚሰራው። ልጅሽ ጣቱ ገና ያድጋል፣ ያንን ሁሉ ሲጨርስ ባልሽ ይዞት ይሂድና ራሱ ይቁረጥ።

ጥያቄ፦ እናቴ የቆቦ ልጅ ናት። በነሀሴ ሶለል፣ ወገብ ላይ ሳር ታስሮ ሚጨፈረውን የልጃገረዶች ጨዋታ፣ እንጫወታለን፣ ግን ደሴ ላይ ሳሩን ማግኘት ስላስቸገረ ጓደኞቼ አረንጓዴ ፕላስቲክ ገመድ አሰሩ። ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ሽማግሌ ልሁን። ላስታ አሸንድዬ ይላታል፣ ዋግ ሻደይ፣ እናንተ ቆቦዎች ሶለል፣ ስሟ ቢለያይም ከነሀሴ 16 ጀምሮ ልጆቹ ወገባቸው ላይ ሚያስሩት ያ ረጅም ቄጤማ ጨዋታው ራሱ ነው። ስትጨፍሩ ሳሩ ይንሿሿል፣ ያ ድምፅ ከከበሮው ጋር ይገባል። ክረምት መውጣቱን ሚያሳየውም እሱ ነው፣ ከነሀሴ ውጪ እንዲህ ለምልሞ የት ይገኛል? ፕላስቲኩ አመቱን ሙሉ አለ። በየቦረቦሩ ውሀ ዳር ፈልጉ፣ ካጣችሁ ከገራዶ በኩል ለገበያ ሳር ሚያመጡ ሴቶችን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እነሱ አያጡም። ካልተገኘ ያለ ሳር ጨፍሩ፣ ባዶ ወገብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጋሽ፣ እኔ አዲስ አበባ ነው ምሰራው፣ አባቴ ከደሴ ወጣ ብሎ ገጠር ገበሬ ነው። እህል ሲያበራይ ለበሬዎቹ ሚዘፍነው ነገር ልጅ ሆኜ ሌሊት ይቀሰቅሰኝ ነበር። በዚህ ፋሲካ ሄጄ ሳሎን አስቀምጬ በስልክ ልቀዳው ብል አፍሮ ሬዲዮ ላይ የሰማውን ዘፈን ዘፈነልኝ። «ያንን ሳይሆን የአውድማውን» ብለው «እሱ ዘፈን አይደለም» አለኝ። እንዴት ላርግ? እድሜው እየገፋ ነው።

መልስ፦ አባትህ እውነቱን ነው፣ ለሱ ዘፈን አይደለም፣ ከበሬዎቹ ጋር ሚያወራው ወሬ ነው። በሬ በሌለበት «በል አውራ» ስትለው ምን ይበል? አንተን ስልክ ይዘህ ግድግዳ ፊት አቁሜ ለሚስትህ ምትለውን በል ብልህ ትላለህ?

የአውድማ ዜማ እኮ ስራ አለው። ከብቶቹ ክብ ሲዞሩ እርምጃቸውን ይይዝላቸዋል፣ ሲደክሙ ያባብላቸዋል፣ ይመርቃቸዋል፣ በስማቸው እየጠራ ያሞግሳቸዋል፣ መሀል ላይ ለፈጣሪ ምስጋና ይገባል፣ እህሉ እንዲበረክት። አንዳንዴም ይቅርታ ነው፣ አመት ሙሉ በጅራፍ የመታውን በሬ በዛች ሌሊት ያሞግሰዋል። ለዛ ነው ሳሎን ውስጥ ሚያፍረው፣ ሚስጥር ነው።

ስለዚህ በፋሲካ አትሂድ። አዝመራ ተሰብስቦ ውቂያ ሲደርስ፣ ከህዳር በኋላ ባለው ጊዜ ደውለህ ቀኑን ጠይቅ፣ ፈቃድ ወስደህ ሂድ። ስልክ አሳየው፣ ልቀዳ ነው በለው፣ ደብቀህ እንዳትቀዳ፣ ኋላ ቢሰማ ያዝንብሃል። ከዛ ስልኩን እርሳውና ስራ ያዝ፣ መንሽ አንሳ፣ አብረህ ዙር፣ ቆመህ ምታይ ከሆነ እንግዳ ነህ፣ እሱም ለእንግዳ ሚዘፍነውን ነው ሚዘፍንልህ። ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርገው፣ ነፋስ እንዳይመታው ስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ጭድ በማይበንበት በኩል ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ከሱ ይልቅ ለከብቶቹ መሄጃ ይቅረብ። የሰኮናውን ድምፅ፣ የጭዱን፣ የውሻውን ጩኸት አታጥፋው፣ ስቱዲዮ የገባ ንፁህ ድምፅ ይሄን ዜማ ይገድለዋል። መጨረሻ ላይ ራስህ ስልኩ ውስጥ ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የእህሉን አይነትና የበሬዎቹን ስም ተናገር። የበሬዎቹን ስም እንዳትረሳ፣ ግማሹ ግጥም እነሱ ላይ ነው።

ሌሊት ይረዝማል፣ ይበርዳል። ጋቢ እና ፓወር ባንክ ያዝ።